ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትንቀዪ

ወንድሜ ከህንድ ተመልሶ ቤት የገባ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ የመጣው ጠባሳውን ለማየት ነበር። ልቡ ላይ ሞተር የተገጠመለት ሰው ደረቱ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ተተርትሮ እናገኘዋለን ብለው ነበር መሰለኝ፣ ሸሚዙን ገልጦ ሲያሳያቸው ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ። ከግራ ጡቱ በታች፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል፣ ከጣት ብዙም የማትረዝም ስፌት አለች። ከላይ በቀኝ በኩል ደግሞ ከእሷ ያነሰች ሌላ። ሆዱ ላይ ገመዱ የሚወጣባት ቀዳዳ በፋሻ ተሸፍናለች። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዷ ሴትዮ አንገቷን አስግጋ ካየች በኋላ «ይቺው ናት?» አለች። እኔ ደግሞ ምላሴን አልችልም፤ «ምን እናድርግ፣ ትልቁ አልቆባቸው ነው» አልኳት። ወንድሜ ስፌቱን በእጁ ደግፎ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ።

እሱ ሹፌር ነበር። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሚኒባስ ያመላልሳል፤ አንዳንዴም በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሕመሙ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዕቃ መጫን አቃተው። ቀጥሎ እግሩ እያበጠ ጫማ አልገባ አለው። በመጨረሻ ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው፣ ትራስ ከጀርባው ደርድረንለት ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ያድር ጀመር። አዲስ አበባ ያለው የልብ ሐኪም የልቡ ጡንቻ እንዳረጀ ላስቲክ ላልቷል አለን። መድኃኒቱ ተጨመረ፣ ተቀየረ፣ እንደገና ተጨመረ። አንድ ቀን ሐኪሙ ወንድሜን ውጭ እንዲጠብቅ አድርጎ ለእኔ ብቻ «ከዚህ በኋላ በክኒን የሚሆን አይደለም» አለኝ። ውጭ አገር የምትኖረው ታላቅ እህታችን ለምና አስለምና ህንድ አገር አንድ ሆስፒታል አገኘችለት። አስታማሚ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። አላገባሁም፣ ልጅ የለኝም፤ የምሠራበት የብርድ ልብስ ፋብሪካም ፈቃድ ሰጠኝ።

ቀዶ ሐኪሙ አጠር ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነበር። እዚያ የምትማር አንዲት ያገራችን ሴት ታስተረጉምልን ነበር። ድሮ ይህን ሥራ ሲሠሩ የደረትን አጥንት በመጋዝ ለሁለት ይከፍሉት እንደነበር፣ አሁን ግን በጎድን አጥንት መሀል በትንሽ ቀዳዳ ገብተው እንደሚጨርሱት ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳን። ደም ብዙ አይፈስም፤ በሽተኛው ቶሎ ከአልጋ ይነሣል፤ ወደፊት የሚተካ ልብ ከተገኘም ደረቱ ብዙ ሳይነካ ይቆያል። ሞተሩንም አሳየን። በቡጢ ውስጥ የሚደበቅ ብረት ነው። ልቡ ጫፍ ላይ ይሰካና ደሙን እየሳበ ወደ ትልቁ የደም ሥር ይገፋል። ወንድሜ ብረቱን አገላብጦ አየና «ፓምፕ ነዋ!» አለ። ለሹፌር ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

እውነትም የሚያስገርም ነበር። ብዙም ሳይቆይ በኮሪደሩ ላይ ሲራመድ አየሁት፤ የእግሩ እብጠት ጎድሎ፣ ከንፈሩ ቀላ ብሎ። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። ወንድሜን መልሰው ሰጡኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ትምህርቱ መጣ። ከሆዱ የሚወጣው ገመድ ወገቡ ላይ ከሚታሰር መቆጣጠሪያ ጋር ይገናኛል፤ መቆጣጠሪያው ደግሞ በሁለት ባትሪ ይሠራል። ሲተኛ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር ይያያዛል። ባትሪ ሲቀየር መጀመሪያ አንዱ፣ እሱ ቦታው መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ሌላው። ነርሷ ዓይኔን ጨፍኜ እስክሠራው ድረስ አልለቀቀችኝም። «ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትንቀዪ» ትለኛለች በአስተርጓሚዋ፤ እኔም እንደ ውዳሴ ማርያም እደግመዋለሁ። ሌላም ብዙ ነገር ነበር። ገመዱ የሚወጣበትን ውሃ እንዳይነካው። ጨው እንዲቀንስ። ደም ማቅጠኛውን ክኒን ማታ ማታ ሳያጓድል እንዲውጥ፣ ደሙም በየጊዜው እንዲመረመር፤ ምክንያቱም ደሙ ከወፈረ ብረቱ ላይ ይረጋል። በመጨረሻም «አመጋገቡን አይቀያይር» ተባልን። ራሳችንን ነቀነቅን። ከተባልነው ሁሉ ቀላሉ ይኸኛው መስሎን ነበር።

ደብረ ብርሃን እንደገባን ፋሻውን ለማስቀየር አንድ ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ እጁን ይዛ የደም ሥሩን ትርታ ፈለገች። አጣችው። ሌላኛውን እጁን ያዘች። አንገቱን ዳሰሰች። የደም ግፊት መለኪያውን አሰረች፣ ፈታች፣ ሌላ መለኪያ አመጣች። ሞተሩ ደሙን ሳያቋርጥ ስለሚገፋው ትርታ የሚባል ነገር አይገኝበትም። እኔ ይህን ተነግሮኛል፤ እሷ ግን እንዲህ ያለ ሰው አይታ አታውቅም። ፊቷ እየተለዋወጠ ሲመጣ ወንድሜ «እህቴ፣ ሞቼም ከሆነ አትደብቂኝ» አላት። ሦስታችንም እስኪደክመን ሳቅን።

እናታችን ከአንኮበር መጣች። ቤቷን ዘግታ፣ ዶሮዎቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥራ። የመጣች ዕለት ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች። ድው ድው የሚል ነገር የለም፤ ያለው አንድ ወጥ ድምፅ ነው፣ የማያርፍ። እኔ ዕድሜዬን ፋብሪካ ውስጥ ስለጨረስኩ የፈትል ማሽን ይመስለኛል። እሷ ግን ቀና ብላ «ወፍጮ ነው» አለች። «ከገደሉ ማዶ ያለው ወፍጮ፣ ነፋስ ወደኛ ሲያመጣው።» ከዚያ ወዲህ ስሙ ወፍጮ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ መጥታ ጆሮዋን ታስጠጋና «ወፍጮው ደኅና አድሯል» ትላለች። እሱን «እንዴት አደርክ» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠበል ልትወስደው ፈልጋ ነበር። ሆዱን ውሃ እንዳይነካው መባሉን ስነግራት ብዙ አዘነች፤ ግን አልተከራከረችም። በኮዳ ታስመጣና በጣቷ እየነከረች ግንባሩን ብቻ ትቀባዋለች። ይህን የምጽፈው የተባልነውን የማንሰማ ሰዎች እንዳንመስል ነው። የገባንን ሁሉ ጠብቀናል።

ጓሮውን ቆፍራ ጎመኑን ዘራች። የደብረ ብርሃን ውርጭ ምሕረት የለውም፤ በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። እናቴ እንከን ተገኝቶበት ከፋብሪካ ያመጣሁትን ብርድ ልብስ ሲመሽ ጎመኑ ላይ ታለብሳለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ትገልጣለች። «እኔን እንኳ እንዲህ አላለበስሽኝም» አልኳት አንድ ቀን። «አንቺ ራስሽን ታለብሻለሽ፤ እሱ ማን አለው?» አለችኝ። ከሰፈሩ ጓሮ ሁሉ ውርጭ ሳይመታው የተረፈው የእሷ ጎመን ነበር።

ወንድሜ እንደዳነ ሰው መኖር ጀመረ። መንዳት ተከልክሏል፤ መናኸሪያው ግን አይቀርበትም። ባትሪዎቹን በብብቱ ሥር አንጠልጥሎ፣ ጃኬት ደርቦ ይሄዳል። ጓደኞቹ ስፌቱን አይተው «አንተማ ትርፍ አንጀቱ የወጣለት ሰው ያህል እንኳ አልተቆረጥክም» ይሉታል። እሱም ያምናቸዋል። እኔ ያችን ስፌት እየጠላኋት መጣሁ። ደረቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ሸሚዙን በለወጠ ቁጥር በሽተኛ መሆኑን ያስታውስ ነበር፤ እኛም እናስታውስ ነበር። ሐኪሞቹ ያን የሚያህል ነገር በትንሽ ቀዳዳ አስገብተው ሕመሙን ከዓይናችን ሰወሩት። እውነቱ ትዝ የሚለን መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። መቆጣጠሪያው ይጮኻል፣ ጨዋታው ይቋረጣል፣ እኔ ባትሪ ይዤ እሮጣለሁ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

ሁዳዴ ሲደርስ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት መጡ። ከእናቴ ጋር ያንድ አገር ሰዎች ናቸው፣ ሸምግለዋል። ወንበር ላይ ሳይደላደሉ ነው የጀመሩት።

«በሽተኛ ጾም የለበትም፣ ልጄ። ብላ፣ ጠጣ፣ መድኃኒትህን ውሰድ።»

«አባ፣ እኔ በሽተኛ ነኝ እንዴ?» አለና ሸሚዙን ገለጠ። «ይዩልኝ እስቲ። አምና ይኸኔ ቁጭ ብዬ ነበር የማድረው። ዛሬ ከመናኸሪያ በእግሬ ነው የመጣሁት። ለዚህ ካልጾምኩ ለምን ልጾም ነው?»

ስፌቷን አዩ። እሳቸውንም እንደ ሰው ሁሉ ትንሽነቷ ገረማቸው። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና «እንግዲህ የልብህን እግዚአብሔር ያውቃል። ሰዓት ግን አትጠብቅ፤ ሲርብህ ብላ» አሉት። መስቀላቸውን ተሳለመ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ደስታ ነው።

እኔም ምንም አልታየኝም። ዕድሜዬን ሁሉ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋና ወተት ከቤት ይወጣል፣ ሲፈታ ይመለሳል። ይህ ለእኛ አመጋገብ መቀየር አይደለም። ወቅት ነው፣ እንደ ክረምትና እንደ በጋ። «አመጋገቡን አይቀያይር» የተባለው ነገርና ጾሙ አንድ ቀን እንኳ ሐሳቤ ውስጥ አልተገናኙም። በወንድሜም፣ በእናቴም ሐሳብ እንዲሁ። ህንዳዊቷ ነርስስ ሁዳዴ የሚባል ነገር መኖሩን በምን ታውቃለች? ማንን እንደምቆጣ ባውቅ ኖሮ እስከ ዛሬ በተቆጣሁትና በወጣልኝ።

ጨው ስለተከለከለ ሽሮው አይሆንለትም፤ በርበሬው ራሱ ጨው አለበት። ስለዚህ እናቴ ጎመን ትሠራለት ጀመር። ያለ ጨው፣ በዝንጅብልና በቃሪያ። በሽተኛ ነው ተብሎ የነቢያትንም ጾም፣ ረቡዕና ዓርብንም ሳይጾም እስከ ቅበላ ድረስ እንቁላልና ወተት ሲበላ የከረመ ሰው ምሳውም እራቱም ጎመን ሆነ። ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ለምለም። እሱ ይወደው ነበር። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሲጎርስ ታየዋለች። «ለደሙ ጥሩ ነው» ትላለች። እንደዚያ ደስ ብሏት ያየሁበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የደም ምርመራው አዲስ አበባ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰላም አልነበረም፤ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ይዘጋል። ቀጠሮው አለፈ። «ደኅና ነኝ፣ ሲረጋጋ እንሄዳለን» አለ። ደኅናም ይመስል ነበር።

ድምፁ የተለወጠው ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከኋላው ቆሜ የባትሪዎቹን ማንገቻ ሳጠብቅለት ሰማሁት። ሻከር ብሏል። ማሽን ሸክም ሲበዛበት እንዴት እንደሚያቃስት አውቃለሁ።

«ሌላ የተለወጠብህ ነገር አለ?» አልኩት።

ጃኬቱን ደረበ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሽንቴ ጠቁሯል። ሻይ ነው የሚመስለው። ውሃ ስለማልጠጣ ነው» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ተዪኝ እባክሽ፤ እማዬ ትሰማለች።»

ጓሮ ወጥቼ አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ደወልኩ። አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ክኒኑን ይውጣል? ይውጣል። ምርመራውስ? መንገድ ተዘግቶብን አልሄድንም። ምን እየበላ ነው?

«ጾም አይደል፣ ጎመን ነው» አልኩት።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ከጾሙ በፊትስ?»

«ከጾሙ በፊትማ ምን ጎመን አስበላው።»

ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማሁ። ጎመን ውስጥ ያለው ነገር የክኒኑን ሥራ እንደሚያፈርስ ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ሁልጊዜ እኩል ቢበላ ክኒኑን በዚያው ልክ ያስተካክሉለት ነበር፤ ባንድ ጊዜ ሲበዛ ነው ችግሩ። ደም ብረቱ ላይ ረግቶ ይሆናል፣ አሁኑኑ ይዘሽው ነይ አለኝ። ይህን ሁሉ የሰማሁት እናቴ ከፊት ለፊቴ ጎንበስ ብላ ለእራቱ ጎመን ስትቀጥፍ እያየሁ ነው።

«እማዬ፣ ዛሬ ጎመኑ ይቅር» አልኳት።

«ለምን?»

«ሰለቸው።»

ቅር አላት። የቀጠፈችውን ግን አልጣለችውም፤ በቀሚሷ ይዛ ገባች።

እዚያው ከተማ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። መርፌ ወጉት፤ ማሽኑን ግን የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ አዲስ አበባ አድርሺው አሉኝ። ከሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ የሚደፍር መኪና አልተገኘም። ጓደኞቹ ሲነጋ መኪና ይዘን እንመጣለን ብለው ማሉልኝ፤ መሐላቸውንም ጠበቁ።

ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ ጆሮዋን አስጠጋች። ፊቷ ተጨማደደ። «ወፍጮው ዛሬ ጠጠር ይዟል» አለች። ወንድሜም «ለዚያ አይደል የምንሄደው፣ ልናስወቅረው» አላት። መኪናው በር ላይ ክላክስ አደረገ። ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ። የጫማው ክር ከእጁ አመለጠ፤ ሊያነሣው ሞከረ፣ እጁ አልታዘዝ አለው። ቀና ብሎ ሲያየኝ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ስሜን ሊጠራ የፈለገ ይመስለኛል። ከዚያ ወደቀ።

ጓደኞቹ እየሮጡ ገቡ። አልጋው ላይ ስናወጣው ትንሽ አጓራ፣ ከዚያ እስትንፋሱ ተቋረጠ። አንደኛው እጁን ይዞ «ትርታ የለውም! ትርታ የለውም!» ይላል። «ድሮም የለውም!» ብዬ ጮህኩበት። ለሐኪሙ ደወልኩ። ዓይኑን ግለጪ፣ የስልክሽን መብራት አብሪበት አለኝ። አበራሁ። ብሌኑ ምንም አላለም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ እዪ አለኝ። አየሁ። ብዙ ቆየሁ። ደግመህ ጠይቀኝ እያልኩ ደጋግሜ አየሁ። «እህቴ፣ አርፏል» አለኝ በመጨረሻ። «ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም። ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ ይኖርብሻል።»

እናቴ በዚህ መሀል ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋለች። «ይፈጫል» አለች።

ሰው ግቢውን ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆሙ። እናቴ ከደረቱ ሳትነሣ «ማንም እንዳያለቅስ!» ብላ ጮኸች። «ልጄ አልሞተም፤ ወፍጮው ይፈጫል!» ለቅሶው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። የንስሐ አባታችን ደረሱ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዳመጡ። «እስትንፋስ የለውም፤ ይህ ነገር ግን አለ» አሉኝ በሹክሹክታ። «በዚህ ላይ እንዴት አድርጌ ፍትሐት ልጀምር?» እሳቸውም፣ ጓደኞቹም፣ በር ላይ ያሉትም ወደ እኔ ዞሩ።

አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። አንደኛውን ባትሪ ነቀልኩ። እጄ በልማዱ የተሞላውን ባትሪ ፍለጋ ወደ ኪሴ ሄደ፤ መለስኩት። ከዚያ ሁለተኛውን ነቀልኩ።

መቆጣጠሪያው ጮኸ። ለክፉ ቀን የተቀመጠች ትንሽ ባትሪ በውስጡ አለችው፤ እሷ እስክታልቅ ሞተሩ አያቆምም። ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር አሉኝ በኋላ። እናቴ ጆሮዋን አላነሣችም። እኔም ገመዱን በእጄ እንደያዝኩ፣ መልሼ ልሰካው እንደምችል እያወቅሁ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ያ ጩኸት እንዲቆም እየለመንኩ፣ ሲቆም ደግሞ ወንድሜ እንደማይኖረኝ አውቅ ነበር።

ቆመ። እናቴ ምናልባት እንደገና ይነሣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈችለትና ወደ በሩ ዞረች።

«አሁን አልቅሱ» አለቻቸው።

ሁዳዴ ገና አላለቀም ነበር። በሣልስቱ ለለቅሶተኛው የጾም ምግብ ሲቀርብ እናቴ ከተቀመጠችበት ሆና ከጓሮው ጎመን አስቀጠፈች። የሠራችው ያቺው ስፌቱን የናቀችበት ሴትዮ ናት። እኔ ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። እናቴ ይህን የጻፍኩትን አታነበውም፤ ፊደል አልቆጠረችም። ብታነብማ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ሐኪሙንም ለማንም እንዳይናገር በእግዚአብሔር ስም ለምኜዋለሁ።

ሰሃኑን ወደ እኔ ሳበችው።

«ብዪ» አለችኝ። «እሱን እስከዚያች ቀን ድረስ ያቆየልኝ ይኸ ነው። ምን ነበረ ቀደም ብዬ ባበላው ኖሮ።»

በእጇ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። አፌን ከፈትኩ፣ አኘክሁ፣ ዋጥኩ። ጨው አልነበረበትም።